ተዋናዩ ቢሄድም ገጸ ባሕርዩ እንዲቀር፦ በደሴና በኮምቦልቻ ባለብዙ ክፍል የድኅረ ጥፋት ፊልም ለሚሠሩ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ተሰባስበው ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች የመጀመሪያውን ክፍል እንደምንም ጨርሰው ሁለተኛውን ሲጀምሩ የሚገጥማቸው ችግር የገንዘብ ብቻ አይደለም። መሪ ተዋናዩ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፤ ወይም የመሪ ተዋናይቷ ቪዛ ደርሶ ዓረብ አገር ገብታለች፤ ወይም የጀግናው ልጅ ሆኖ የተጫወተው ሕፃን በአንድ ክረምት ተመዞ ከጀግናው ትከሻ ደርሷል። ታሪኩ ዓለም ከጠፋች በኋላ የሚሆነውን የሚያሳይ የድርጊት ፊልም ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በእንዲህ ያለው ፊልም ልብሱ ሁሉ ቅዳጅ፣ ፊቱ ሁሉ አቧራና ጠባሳ፣ መኪናው ሁሉ ብረት የተበየደበት ስለሆነ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሳይለወጥ ሊጠበቅ የሚገባው ነገር ከተራ የፍቅር ፊልም በብዙ ይበልጣል። እኔም ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር ይህን ዓይነት ሥራ ሞክሬ ብዙ ነገር ያበላሸሁ በመሆኔ፣ ተዋናይ እንዴት እንደሚመረጥና ኮንቲኒዩቲ (ልብሱ፣ ቁስሉ፣ ዕቃው ሁሉ ከምስል ወደ ምስል፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሳይዛባ መቀጠሉ) እንዴት እንደሚጠበቅ ከዚህ ቀጥሎ አስረዳለሁ።

ለትምህርት የሚሆነው ዋናው ምሳሌ አውስትራሊያዊው ዳይሬክተር ጆርጅ ሚለር የሠራው «ማድ ማክስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ተጀምሮ በ1981፣ በ1985፣ በ2015 እና በ2024 የቀጠለ፣ አምስት ፊልሞች ያሉት ሥራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊልሞች ማክስን የተጫወተው ሜል ጊብሰን ሲሆን፣ ከ30 ዓመት በኋላ በመጣው በአራተኛው ቶም ሃርዲ ተክቶታል። ፊቱ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ፣ ዕድሜው ሌላ ሆኖ ሳለ ተመልካቹ «ይህ ሰው ማን ነው?» ብሎ አልተቸገረም። በመጀመሪያው ፊልም ማክስ ጉልበቱን በጥይት ይመታል፤ በሁለተኛው ፊልም እግሩ ላይ የብረት ድጋፍ አስሮ ያነክሳል፤ የቆዳ ጃኬቱ አንድ እጅጌ የለውም፤ መኪናው ጥቁር ፎርድ ፋልከን ነው፤ ከአፉ የሚወጣው ቃልም ጥቂት ነው። ሃርዲ ሲመጣ ተመልካቹ የሚያውቀው ጃኬት፣ የሚያውቀው የእግር ብረት፣ የሚያውቀው መኪናና የሚያውቀው ዝምታ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ጠብቆታል። ሚለር ፊልም ሠሪ ከመሆኑ በፊት ሐኪም ነበርና፣ የተሰበረ ጉልበት በሚቀጥለው ክፍል ድኖ እንደማይገኝ ከማንም በላይ ሳያውቅ አልቀረም።

ከኦዲሽን በፊት የሚጻፈው ወረቀት

እንግዲህ ማንንም ለኦዲሽን፣ ማለትም ለተዋናይ መምረጫ ፈተና፣ ከመጥራታችሁ በፊት፣ እያንዳንዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ከተዋናዩ ፊት ውጭ ምን እንዳለው በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጻፉ። ለምሳሌ ያህል ውኃ በጠፋበት ዘመን ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ የመጨረሻውን ቧንቧ የሚጠብቅ ሰው ጀግናችን ነው እንበል። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም «ቧንቧ ጠባቂው» ይለዋል። ግራ እጁ ሁልጊዜ በጨርቅ የተጠቀለለ ነው፤ በአንገቱ ላይ የቧንቧ መክፈቻ አንጠልጥሏል፤ ሰው ሲያናግረው ከመመለሱ በፊት ጣሳውን በጥፍሩ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። እነዚህ ሦስት ነገሮች በመጀመሪያው ክፍል በቅርብ ሾት (ካሜራው በቅርበት በሚያነሣው ምስል)፣ ሳይቸኮል፣ ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ ከታዩ፣ በሁለተኛው ክፍል ተዋናዩ ቢቀየር እንኳ ካሜራው ከጣሳው ላይ ጀምሮ ቀስ ብሎ ወደ ፊቱ ሲወጣ ተመልካቹ ገና ፊቱን ሳያይ ሰውየውን አውቆታል። ቁም ነገሩ ምልክቶቹ ከታሪኩ የወጡ እንዲሆኑ ነው፤ ያለ ምክንያት የተደረገ የዓይን ጨርቅ ወይም የተሳለ ንቅሳት እንደ ጌጥ ስለሚታይ አይታወስም።

ንግግርን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የሚያወራ ጀግና ተተኪ አይገኝለትም። በተለይ የእኛ አገር ተዋናይ ቅላፄው ወዲያው ያስታውቃል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በወሬው መካከል «ወላሂ» በሚልበት ከተማ ያደገን ልጅ አዲስ አበባ ባደገ ተዋናይ ብትተኩት፣ ልብሱን በትክክል ብታለብሱትም አፉን ሲከፍት ሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ወይ ጀግናችሁን ዝምተኛ አድርጉት፣ ወይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተተኪውን እዚሁ ፈልጉ።

አመራረጡ

በኦዲሽን ዕለት ትወናን ብቻ የሚያይ ሰው ባለአንድ ክፍል ፊልም የሚሠራ ሰው ነው። ለተከታታይ ፊልም የሚመርጥ ሰው ሌላም ይጠይቃል፦ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የት ለመሆን አስበሃል? የመመረቂያ ጊዜሽ መቼ ነው? ፓስፖርት እያወጣህ ነው? ጥያቄው ድፍረት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በክብር ከተጠየቀና ምክንያቱ ከተነገረ የሚቀየም የለም። መልሱ «እሄዳለሁ» ቢሆን እንኳ ተዋናዩን መተው ግድ አይደለም፤ በመጀመሪያው ክፍል የሚሞት ወይም ፊቱ የማይታይ ሚና ይሰጠዋል። ስምምነቱም በቃል አይቅር፤ ስንት ክፍል እንደሚጫወት፣ ቢለይ ምስሉንና ድምፁን መጠቀም መቻላችሁን፣ ጸጉሩን በቀረጻ መካከል ያለ ፈቃድ እንደማይቆረጥ የሚገልጽ ውል ይፈረም። የጸጉሩን አንቀጽ ሰው ይስቅበታል፤ ከበዓል ማግስት ጀግናው ተቆርጦና ተላጭቶ ሲመጣ ግን የሚስቅ የለም።

ለእያንዳንዱ ዋና ሚና ሁለተኛ ሰው በልባችሁ ያዙ። በመልክ መመሳሰሉ ግድ አይደለም፤ ቁመቱ፣ የትከሻው ስፋትና አካሄዱ ግን መቀራረብ አለበት፤ ምክንያቱም በድርጊት ፊልም ውስጥ ሰውን ከሩቅና ከጀርባ የምናይበት ጊዜ ከፊት ከምናይበት ጊዜ አያንስም። ይህ ሰው በመጀመሪያው ክፍል የስታንት ምትክ (አደገኛውን ድርጊት በተዋናዩ ፈንታ የሚሠራ ሰው) ሆኖ ቢሠራ፣ በሁለተኛው ክፍል ሚናውን ለመረከብ የተዘጋጀ ይሆናል።

ሕፃናትን በተመለከተ አጭር ምክር ብቻ አለኝ፦ ወይ ሁለቱን ክፍሎች ባንድ ወቅት ቅረጹ፣ ወይ በክፍሎቹ መካከል ዓመታት እንዳለፉ ድርሰቱ ውስጥ ጻፉ። ከሕፃን ዕድገት ጋር ታግሎ ያሸነፈ ዳይሬክተር የለም።

ዋናውን ትኩረት ልትሰጡ የሚገባችሁ ለጭምብል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015ቱ ፊልም ኢሞርታን ጆ የተባለውን ዋናውን ክፉ ሰው የተጫወተው ሂው ኪስ ባይርን ነው። ይኸው ተዋናይ በ1979ኙ የመጀመሪያ ፊልም የሞተር ብስክሌተኞቹ ወሮበላ ቡድን መሪ ነበር፤ ሁለቱ ገጸ ባሕርያት ግን ፈጽሞ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በሁለተኛው ሚናው አፍና አፍንጫውን ጥርስ ያለው የመተንፈሻ ጭምብል ስለሸፈነው ተመልካቹ አልተደናገረም። ተዋናዩ በ2020 ዓረፈ፤ በ2024ቱ ፊልም ሚናውን ላኪ ሀልም ሲረከብ ያው ጭምብል፣ ያው ነጭ ጸጉርና ያው የደረት ጥሩር ስለነበሩ ሽግግሩ ብዙም ሳይታወቅ አለፈ። አንድ ጭምብል ሁለት አገልግሎት ሰጠ ማለት ነው፤ ያንኑ ተዋናይ በሌላ ሚና ለመመለስ፣ ያንኑ ሚናም ለሌላ ተዋናይ ለማስረከብ። እንደ እኛ ባለ ከተማ፣ ለትወና የሚሰጡ ሰዎች በጣት በሚቆጠሩበትና ተመልካቹም ተዋናዩን ፒያሳ ሻይ ሲጠጣ በሚያየው አገር፣ ከዚህ የሚበልጥ ርካሽ መፍትሔ አላውቅም። አቧራ በበዛበት ዓለም ሰው አፉን በሻሽ ወይም በሽርጥ ቢሸፍን ማንም ለምን አይልም።

ተተኪው ሲመጣ

ተዋናይ ሲቀየር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ምንም ሳይናገሩ ማለፍ ነው፤ ሚለር በማክስ ላይ ያደረገው ይህን ነው። ሁለተኛው ለውጡን በዕድሜ ማስረዳት ነው፤ በ2015 ሻርሊዝ ቴሮን የተጫወተቻትን ፉሪዮሳን በ2024 በልጅነቷ አላይላ ብራውን፣ በወጣትነቷ አንያ ቴይለር ጆይ ተጫውተዋታል። የቴሮንን ፊት በኮምፒውተር ወጣት የማድረግ ሐሳብ ነበር፤ ሚለር ግን አላመነበትምና ሌላ ተዋናይት መረጠ። ፊልሙ ፉሪዮሳ ክንዷን እንዴት እንዳጣችና ጸጉሯን እንዴት እንደተላጨች እያሳየ ተመልካቹን ቀድሞ ወደሚያውቃት ሴት ስለሚያደርሰው፣ የፊቱ ልዩነት ጥያቄ ሳይሆን ይቀራል። በድርሰቱ ውስጥ «ጀግናው በእሳት ተቃጥሎ ፊቱ ተለወጠ» የሚል ሰበብ መፍጠር ግን አልመክርም። ሰበብ የተመልካቹን ዓይን ወደ ጉድለቱ ይጠራል።

በመጀመሪያው ክፍል የመጨረሻ የቀረጻ ቀን ለነገ የሚሆን ትርፍ ሾት አንሡ፤ ተዋናዩ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ፣ እጁ ጣሳውን ሲያነሣ፣ ፊቱ በዝምታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር፣ ትንፋሹ፣ ሳሉ፣ «እሺ»፣ «አይሆንም»፣ «ሂድ» የሚሉ ቃላት በድምፁ። ግማሽ ቀን ብቻ ይፈጃል፤ ተዋናዩ ርቆ ሲሄድ ግን አንድ ሙሉ ሲን (ትዕይንት) ሊያድን ይችላል።

የኮንቲኒዩቲ ደብተር

በአነስተኛ ቡድን ውስጥ ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ሰው አይመደብም፤ «ሁላችንም እናያለን» ይባልና ማንም አያይም። አንድ ሰው፣ ካሜራ የማይዝ፣ የማይተውን፣ ሻይ እንዲያመጣ የማይላክ፣ ደብተር ይዞ ይቀመጥ። በየሲኑ የሚመዘግበው ብዙ አይደለም፦ የታሪኩ ቀን ስንተኛ ነው፣ ሰዓቱ ስንት ነው፣ ልብሱ የትኛው ነው፣ ቁስሉ የት ነው፣ ቆሻሻው ምን ያህል ነው፣ በእጁ ምን ይዟል፣ በየት በኩል ገብቶ በየት ወጣ።

የቆሻሻውን መጠን በቁጥር እንድትለኩ አጥብቄ እመክራለሁ። ከ1 እስከ 5 ደረጃ አውጡና ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ፎቶ አንሡ፤ 1 ገና የታጠበ፣ 5 ዓይኑ ብቻ የሚታይ። ሜካፕ ሠሪዋ «ትንሽ አቧራ» ከምትባል «ሲን 14፣ ደረጃ 3» ብትባል ሥራዋም ይቀላል፣ ጭቅጭቅም አይኖርም። አቧራውንም ራሱን ከአንድ ቦታ በጆንያ ሰብስባችሁ አስቀምጡ፤ የአፈር ቀለም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ኮምቦልቻ ላይ ቀይ ሆኖ የታየው ጫማ በር ከፍቶ ሲገባ ግራጫ ሊሆን ይችላል።

አሁን የእኔን ጥፋት ልንገራችሁ። የጀግናችን ጠባሳ በግራ ጉንጩ ላይ ከዓይኑ ሥር እስከ አፉ ጫፍ የሚወርድ ነበር። ሁለተኛውን ክፍል ስንጀምር ሜካፕ ሠሪዋ መነሻ እንዲሆናት የተዋናዩን ፎቶ ጠየቀችኝ፤ እኔም ተዋናዩ በመጀመሪያው ክፍል ቀረጻ ወቅት ራሱን በራሱ በስልኩ ያነሣውን ፎቶ ላክሁላት። የስልኩ የፊት ካሜራ ምስሉን እንደ መስታወት ገልብጦ ያስቀምጥ ነበር፤ ጠባሳው በፎቶው ላይ በቀኝ ጉንጭ ታየ። እሷም ያየችውን በትክክል ሠራች። ሦስት ቀን ቀርጸን፣ አራተኛው ቀን ማታ ኤዲት የሚያደርገው ልጅ ሁለቱን ክፍሎች ጎን ለጎን ሲከፍት ነው ጠባሳው ጉንጭ መቀየሩን ያየነው። ምስሉን ገልብጠን እንዳናድነው ደግሞ ከጀርባው የሱቅ ታቤላ ነበር፤ ፊደሉ ተገልብጦ ይነበባል። ሦስቱ ቀን እንደገና ተቀረጸ።

ከዚያ ወዲህ የምንከተለው ደንብ ይህ ነው። የኮንቲኒዩቲ ፎቶ የሚነሣው ሁልጊዜ በስልኩ የኋላ ካሜራ፣ በሌላ ሰው እጅ ነው። ተዋናዩ የሲኑ ቁጥርና የገጸ ባሕርዩ ስም በእጅ የተጻፈበት ወረቀት ደረቱ ላይ ይይዛል፤ ፊደሉ ተገልብጦ ከታየ ፎቶው የተገለበጠ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከኋላ፣ ሁለቱ እጆችና ጫማው፤ ስድስት ፎቶ ይበቃል። ፎቶዎቹ በአንድ ስልክ ብቻ አይቀመጡ።

ልብስን በተመለከተ ሁላችንም የምንሳሳተው ሰልባጅ ተራ ሄደን ዓይናችን የወደደውን አንድ ካፖርት ስንገዛ ነው። ሰልባጅ ሁለተኛ የለውም። በድርጊት ፊልም ልብስ ይቀደዳል፣ ይረጥባል፣ የስታንት ምትኩም እኩል መልበስ አለበት፤ ስለዚህ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ቢያንስ ሦስት አንድ ዓይነት ልብስ ያስፈልጋል። ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ተቆርጦ ልብስ ሰፊ ዘንድ በአንድ ቀን ቢሰፋና ሦስቱም በቡና አተላ አብረው ቢነከሩ፣ አብረው ያረጃሉ።

መኪናም እንደዚሁ ነው። በማድ ማክስ በሁለተኛው ፊልም ጥቁሩ መኪና በፍንዳታ ይወድማል፤ በአራተኛው ፊልም መጀመሪያ ላይ ግን ማክስ እንደገና ይዞት ቆሟል። በመጀመሪያው ፊልም የሞተበት ልጅ ትንሽ ወንድ ልጅ ሲሆን በአራተኛው እንደ ራእይ እየመጣች የምታስጨንቀው ሴት ልጅ ናት። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ተከታታዩ እንደ አፈ ታሪክ የሚተረክ ነው የሚል ነው፤ በእርግጥም ሁለተኛውን ፊልም የሚተርከው በልጅነቱ ማክስን ያየ፣ አሁን ያረጀ ሰው ነው። መልሱ ለሚለር ያስኬዳል። የደሴ ተመልካች ግን «መኪናው ተቃጥሎ የለም ወይ?» ብሎ በአዳራሽ ውስጥ ጮኾ ይጠይቃችኋል፤ በውሰት የተረከባችሁትንም አይሱዙ ባለቤቱ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ሰማያዊ ቀለም ሊቀባው ይችላል። ከመኪናው የምትፈልጉትን ነገር፣ ማለትም የተበየደውን ብረት፣ የራስ ቅሉን፣ ሰንሰለቱን፣ ተፈትቶ በሌላ መኪና ላይ ሊታሰር በሚችልበት መንገድ አሠሩት፤ በገጸ ባሕርዩ ላይ የተደረገው በመኪናውም ላይ ይሠራል።

ተራኪ የመጠቀሙን ሐሳብ ግን ጨርሳችሁ አትጣሉት። አንድ አዛውንት ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠው የመጀመሪያውን ክፍል በአቦል፣ ሁለተኛውን በቶና፣ ሦስተኛውን በበረካ ቢተርኩ፣ ጥቃቅን ልዩነቶች በትረካቸው ውስጥ ይዋጣሉ። ፊታቸውን አታሳዩ፤ እጃቸውና ስኒው ይበቃል።

ወቅቱና ቦታው

የ2015ቱ ፊልም በአውስትራሊያ ብሮክን ሂል አካባቢ ሊቀረጽ ታስቦ ነበር። ለዓመታት ያልታየ ዝናብ ጥሎ በረሃው በአበባ ስለተሸፈነ ግን ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ናሚቢያ ሄዶ ቀረጸ። ወሎ ውስጥ ይህ በየዓመቱ የሚሆን ነገር ነው። በመስከረም የጦሳ ተራራ በአደይ ለብሶ፣ ቦርከና ሞልቶ እየወረደ፣ ጀግናው «ውኃ በዓለም ላይ ጠፋ» ቢል የሚያምነው የለም። አዝመራው ተሰብስቦ መሬቱ ገለባ ብቻ የሚሆንበትን ታኅሣሥንና ጥርን ተጠቀሙ፤ ከየካቲት በኋላ በልግ ሊያስቸግር ይችላል። ደረቅ ሜዳ የግድ ካስፈለገ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል በወረደ ቁጥር አገሩ ይደርቃል። ደሴ ላይ ደግሞ ጭጋጉን አስቡ፤ ጦሳ በአንዱ ሾት ውስጥ ጥርት ብሎ ታይቶ በሚቀጥለው ሾት ከጠፋ፣ ሁለቱ ሰዎች አብረው የቆሙ አይመስሉም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተጀመረ ንግግር በዚያው ጠዋት ይለቅ።

በማሳደድ ትዕይንት አቅጣጫን ጠብቁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና በስክሪኑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ከሆነ፣ በሦስቱም ክፍሎች ከግራ ወደ ቀኝ ይሂድ፤ የሚመለሰው ከቀኝ ወደ ግራ ይምጣ። ሚለር ለአራተኛው ፊልም ሾቶቹን አንድ በአንድ የሚያሳዩ 3,500 ያህል ሥዕሎች አስቀድሞ አስሎ ነበር፤ እናንተ 60 በእርሳስ ብትሥሉ እንኳ አቅጣጫ ተሳስቶ የሚዞር መኪና አይኖራችሁም። በዋናው የደሴ–ኮምቦልቻ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ግን ማሳደድ አትቅረጹ፤ አውቶቡስና ሲኖትራክ የሚወርድበት ነው።

መሣሪያን በተመለከተ፣ የ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሁለቱም ከተሞች እንዳለፈ አትርሱ። ከእንጨት የተሠራ ክላሽ የያዘ ወጣት ከጥግ ብቅ ሲል ሰው እንደ ፊልም አያየውም። ፖሊስንና የቀበሌውን ሰዎች አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ለጎረቤቱ ቤት ለቤት ንገሩ፣ የተተኮሰ ድምፅ በቦታው ላይ አታሰሙ፤ በኤዲቲንግ ይጨመራል። ከተዋናዮቻችሁም መካከል ያንን ጊዜ በቅርብ ያዩ ይኖራሉና፣ የሬሳ ወይም የስደተኛ ሚና ከመስጠታችሁ በፊት ለብቻ ጠይቁ።

የመጨረሻው ሥራ ዕቃ ማስቀመጥ ነው። ክፍሉ ሲያልቅ ካፖርቱ፣ ጭምብሉ፣ የቧንቧ መክፈቻው፣ የአቧራው ጆንያና ደብተሩ በአንድ ሳጥን ተቆልፈው፣ ቤት የማይቀይር ሰው ዘንድ ይቀመጡ፤ በሳጥኑም ላይ «አይታጠብም» ተብሎ በትልቁ ይጻፍ። እኛ ይህን ሳንጽፍ አንዱ ጓደኛችን ቤት አስቀመጥን። ከስምንት ወር በኋላ ልንወስድ ስንሄድ እናቱ በደስታ ተቀበሉን፤ ካፖርቱን በኦሞ አጥበው፣ ቀዳዳውን ሁሉ በጥሩ ክር ጥፈው፣ ተኩሰው ሰቅለውታል። አመስግነን፣ ቡናቸውን እስከ በረካ ጠጥተን ወጣን።